የቤተሰብ ዓምድ፦ አስቀድሞ የተሠራ አንበሳ

የጦር መኮንን ስለ ኬክ ማስጌጫ ሲጽፍ አንዳንዱ አንባቢ ፈገግ ይል ይሆናል። ይበል፤ ፈገግታም የዚህ ዓምድ አንዱ ግብ ነው። ሆኖም ጉዳዩ ከጣፋጭነት ያለፈ በመሆኑ ትዕግሥታችሁን እንለምናለን።

የልጃችን አራተኛ ዓመት ልደት በተከበረ ጊዜ በፈቃድ ቤታችን ነበርን። ልጁ በኬኩ ላይ አንበሳ እንዲቀመጥለት ጠየቀ፤ እኛም በልደቱ ዕለት ጠዋት እጅጌያችንን ሰብስበን ተነሣን። ያለ ዕቅድ ወደ ግዳጅ መግባት የሚያስከትለውን ጉዳት ለሌሎች ስናስተምር የኖርን ሰዎች፣ ያንኑ ስሕተት በወጥ ቤት ፈጸምነው። እንግዶች ሳይደርሱ የአንበሳው ራስ ወደ ደረቱ ሰጠመ፤ እግሮቹም ተንሸራተው ተዘረጉ። የልጁ እናት ሁኔታውን ተመልክታ፣ «አንበሳው ተኝቷል፤ እንዳትቀሰቅሱት» በማለት ክብራችንን አዳነችልን።

ኋላ እንደተረዳነው፣ የጎደለን የእጅ ሙያ ብቻ ሳይሆን ጊዜም ነበር።

ቅርጹ የሚሠራበት የስኳር ሊጥ ፎንዳንት ይባላል። ባለሙያዎች ከስኳር፣ ከግሉኮስ፣ ከጄላቲንና ከግሊሰሪን መጥነው ያዘጋጁታል። ማርሽማሎ የተባለው ለስላሳ ከረሜላ ግን ስኳሩንና ጄላቲኑን አስቀድሞ የያዘ ስለሆነ፣ እርሱን አቅልጦ ፎንዳንት ማዘጋጀት በቤታቸው ኬክ በሚጋግሩ አሜሪካውያን ዘንድ የተለመደ ዘዴ ነው።

ለጥቂት ቅርጾች 225 ግራም ነጭ ማርሽማሎ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ 450 ግራም ያህል እንደ ዱቄት የላመ ስኳርና ጥቂት የሚረጋ ዘይት ይበቃል። ማርሽማሎውን ከውሃው ጋር በሳህን አድርጎ፣ ሳህኑን ውሃ በሚፈላበት ድስት አፍ ላይ አስቀምጦ እያማሰሉ ማቅለጥ፤ ከእሳት አውርዶም ስኳሩን ጥቂት በጥቂት መጨመር ነው። ሊጡ ትኩስ ስለሆነ በረድ ሲል እጅን ዘይት ቀብቶ እስኪለሰልስ ድረስ ማሸት ይገባል። ቢጣበቅ ስኳር፣ ቢሰነጣጠቅ ጥቂት ዘይት መድኃኒቱ ነው። ከዚያም አየር እንዳያገኘው በላስቲክ ጠቅልሎ ማሳደር ነው።

በማግስቱ የምግብ ቀለም ይጨመርበታል፤ ውሃማ ቀለም ሊጡን ስለሚያላላው ወፍራሙ ይመረጣል። ለተቀመጠ አንበሳ የእንቁላል ያህል ሊጥ ድቡልቡል አድርጎ ላዩን በማሾል አካሉ ይበጃል። በመካከሉ አንድ ደረቅ የፓስታ ዘንግ ይተከልና ራሱ ይሰካበታል። እግርና ጅራቱ በውሃ በረጠበ ጣት ይያያዛሉ፤ ውሃ ከበዛ ግን ስኳሩ ይሟሟል። ጎፈሩም ከቀጫጭን የሊጥ ክሮች ይሠራል። በፓስታው ፋንታ ስቴኪኒ መትከል የልጅን አፍ ሊወጋ ስለሚችል ይቅር፤ ፓስታውም ቢሆን ከመበላቱ በፊት ይውጣ። ሊያንቃቸው ስለሚችል፣ የደረቀ ቅርጽ ለሕፃናት አይሰጥም።

አንድ ነገር እናሳስብ። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው፤ ከአሳማም ከከብትም ሊሆን ይችላል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት በአንድ ገበታ በሚቀርብበት የጦር ሰፈር፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ መግዛት ተገቢ አይደለም። ለጾም ቀንም አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንመለስ። አዲስ የተሠራ ቅርጽ ለስላሳ ስለሆነ በገዛ ክብደቱ ይሰምጣል፤ ጠንክሮ ለመቆም ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን መድረቅ አለበት። በሚገባ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ብርሃንና እርጥበት በማይደርስበት የካርቶን ሣጥን ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። ከፍሪጅ ሲወጣ ያልበዋልና ፍሪጅ አይገባም፤ ወበቅ በበዛበት አካባቢም የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። እንግዲህ አንድ አባት በልደቱ ዕለት በቤቱ ባይገኝም፣ የእጁ ሥራ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

በተከታዩ ዓመት ይህንኑ አደረግን። ወደ ግዳጅ ከመሄዳችን አስቀድሞ ባለው ምሽት ከልጁ ጋር ተቀምጠን አንበሳውን ሠራን። ጅራቱን የጠቀለለው እርሱ ነው፤ ጠማማ ቢሆንም አላቃናነውም። አንበሳው ንጹሕ ወረቀት በተነጠፈበት የጫማ ካርቶን ውስጥ 12 ቀን ሰነበተ። በዕለቱ እናቱ አውጥታ በኬኩ ላይ አስቀመጠችው፤ እኛ በዚያች ሰዓት ከቤታችን ርቀን ነበርን።

ማታ ስልክ ስንደውል ልጁ ስለ ስጦታዎቹ አልነገረንም። «አባዬ፣ ዘንድሮ አንበሳው አልተኛም» አለን።

ውድ አንባብያን፣ ጓዛችሁን ከመሸከፋችሁ በፊት አንዲት ምሽት ለልጆቻችሁ መድቡ። እናቶችም ሣጥኑን አደራ ጠብቁ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።