ከመሄጃው በፊት መመለሻው

እኛ የማርኬቲንግ ሰዎች መዳረሻን አሳምረን እንሸጣለን፤ ስለ መመለሻው ግን አናነሳም። ሐይቁና ገዳሙ በፎቶ ይታያሉ። አመሻሽ ላይ ልጅ አዝላ አስፋልት ዳር መኪና የምትጠብቅ እናት ማስታወቂያ ላይ አትገኝም። የግል መኪና የሌለን የወልድያ ቤተሰቦች የእሑድ መውጫችንን ስንመርጥ መጀመር ያለብን ከእሷ ነው።

«ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?» ሲባል ቀድሞ የሚነሳው ላሊበላ ነው። በጋሸና በኩል ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አዳር ካልታሰበ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። ቀጥሎ በደሴ መንገድ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ሐይቅ ይመጣል። በማለዳ ለተነሣ ደርሶ መልስ ይቻላል። ሆኖም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስሙ የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶችን አያስገባም። አባት ወንድ ልጁን ይዞ ሲገባ እናትና ሴት ልጅ ውጭ ይቀራሉ። የሐይቁን ዳርቻ ማየት ለሚበቃው ቤተሰብ ግን ጥሩ ውሎ ነው።

ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤት የእኔ ምርጫ መርሳ ናት። የሀብሩ ወረዳ ከተማ የሆነችው መርሳ በዚያው አስፋልት ላይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ከወልድያ ዝቅ ስለምትል አየሯ ሞቅ ይላል። በመንገድ ላይ የተሻሻሉ የማሽላ ዝርያዎችን የሚያወጣው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ያለባት ሲሪንቃ አለች። ዘር እንዴት እንደሚሻሻል ለሚጠይቅ ልጅ መልሱን እዚያው መስኮት ላይ ሆኖ መጀመር ይቻላል። ሀብሩ በመስኖ የሚለማ ፍራፍሬ አለው። ማንጎ በደረሰበት ወቅት ከሄዳችሁ ልጆቹ ከሱቅ ሳይሆን ከዛፍ እንደሚመጣ ያያሉ። መርሳ የላሊበላን ያህል ስም የላትም። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ዝና ምኑ ነው?

አሁን ወደ መመለሻው። ሚኒባስ የሚነሳው ሲሞላ ስለሆነ ሰዓቱን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ከደሴ በኩል የሚያልፈው መኪና አንድ ሁለት ወንበር ቢኖረው እንኳ አራት አምስት ሰው ላይይዝ ይችላል። ስለዚህ መንገድ ዳር ከመቆም ከመናኸሪያው ተሳፈሩ። ቢዘገይ ቢዘገይ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እዚያ ተገኙ። ጭን ላይ ለሚቀመጥ ልጅ ይከፈል እንደሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት ከረዳቱ ጋር ተስማሙ። የመልሱን ሒሳብ ከምሳው ገንዘብ ለይታችሁ ያዙ።

ከሁሉ በፊት ግን፣ የትም ለመሄድ ብታስቡ፣ በዋዜማው የመንገዱን ደኅንነት በዚያ መስመር ከሚመላለስ ሹፌር ጠይቁ። «አይ፣ ነገ ይቅርባችሁ» ካላችሁ ቤት ዋሉ፤ መርሳ የትም አትሄድም።