የጥር ሠርግና ሰርዶ

ከደብረ ማርቆስ የጻፍክልን ወንድማችን፣ ለጥር ሠርግህ ጓሮው እንዲያምር ሰርዶ ልትከል ብትል እናትህ እንቢ ማለታቸው አስቀይሞሃል። አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች ይባላል፤ እሳቸው በቁማቸውም አልፈቀዱ! እኛም ከእሳቸው ጋር ነን።

ሰርዶ ከላይ እየተሳበ፣ ከመሬት በታችም እየሄደ ይዛመታል፤ አንጓ ያለው ቁራጭ ከቀረ እንደገና ያቆጠቁጣል። ድንቹና ጎመኑ መሐል ከገባ ጉድ ፈላ! ገበሬው ደጋግሞ እያረሰ ሥሩን ለፀሐይ የሚያሰጣው ወዶ አይደለም።

ደግሞስ ሰርዶ ሙቀት ይወዳል። ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ውርጭ ሲመታው ይገረጣል። በጥር ሙሽራህን ገለባ ላይ ልታቆማት ነው? ለሠርጉ ቄጠማ ጎዝጉዝ።

ሰርዶው ካላስቻለህ ክረምት ሲገባ በደጅ በኩል፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ትከልና ዳር ዳሩን በአካፋ እየቆረጥክ ያዘው። ቦታውን ግን እናትህ ይምረጡ።