ጋዋን የለበሰ ምላጭ

«ካልተገረዘች ዕቃ ትሰብራለች፤ ዓይን አውጣ ትሆናለች፤ ባል አታገኝም።» ሴት ልጅን ለማስገረዝ በየቤቱ ሲሰጥ የኖረው ምክንያት ይህ ነው። የለንደን የውበት ክሊኒኮች ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው፦ ጠባብ ሱሪ ስትለብሺ አይታወቅብሽም፤ ፍቅረኛሽ ፊት አትሸማቀቂም፤ በራስ መተማመንሽ ይጨምራል። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ ፍርዱ አንድ ነው፤ ሴት እንደተፈጠረች አትበቃም፣ መቆረጥ አለባት።

ሌቢያፕላስቲ ይሉታል፤ የብልትን ውስጠኛ ከንፈሮች ቆርጦ ማሳነስ ነው። ሲቀመጡ፣ ሲራመዱ ወይም ስፖርት ሲሠሩ በእርግጥ የሚያማቸው ሴቶች አሉ፤ ለእነርሱ ነገሩ ሕክምና ነው። የምቃወመው ምንም ያላመማትን ሴት «መልኩ ልክ አይደለም» ብሎ ቢላ ሥር የሚያስተኛትን ንግድ ነው።

ለመሆኑ ልኩ የቱ ነው? የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሐኪሞች በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት 50 ሴቶችን ለክቶ፣ የውስጠኛው ከንፈር ስፋት ከ7 እስከ 50 ሚሊ ሜትር እንደሚለያይ አሳይቷል። ከአንዷ እስከ ሌላዋ ሰባት እጥፍ የሚራራቅ ነገር ምን ልክ ይኖረዋል? ሩዋንዳ ውስጥ ደግሞ በልማዱ ልጃገረዶች እነዚህኑ ከንፈሮች እየጎተቱ እንዲያስረዝሙ ይመከራሉ፤ እዚያ ነውሩ ማጠሩ ነው። አንዱ አገር የሚያስረዝመውን ሌላው ከቆረጠው፣ ጉድለቱን የፈጠረው የተመልካቹ ዓይን ነው ማለት ነው።

ይህን ዓይን በዋናነት የሚያሠለጥነው የወሲብ ፊልም ነው፤ ጸጉሩ ተላጭቶ፣ ምስሉ ተስተካክሎ የሚቀርብ አንድ ዓይነት ገላ። አብዛኛዋ ሴት የሌላ ሴትን ብልት የምታይበት አጋጣሚ ስለሌላት ራሷን የምታስተያየው ከእርሱ ጋር ነው። እፍረቱ ከተዘራ በኋላ ክሊኒኩ «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉ ፎቶዎቹን ይዞ ይጠብቃታል።

«ወድዳና ፈቅዳ ባደረገችው ማን ምን አገባው?» የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ እግሯ ተይዞ ከምትቆረጥ ሕፃንና ፈርማ ከምትገባ አዋቂ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። ይሁን እንጂ በ2015–16 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የመንግሥት የጤና አገልግሎት ይህ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው መካከል ከ200 በላይ የሚሆኑት ከ18 ዓመት በታች ነበሩ፤ ከእነዚህም ከ150 የሚበልጡት 15 እንኳ አልሞላቸውም። አካሏ ገና አድጎ ያልጨረሰ ልጅ የፈቀደችው ምኑን ነው?

ሕጉም በተግባር ያዳላል። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ የግርዛት መከላከያ ሕግ ለአእምሮ ጤና አስፈላጊ የሆነን ቀዶ ሕክምና ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ልማድ ወይም ሥርዓት ያስገድዳል የሚል እምነት እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ ኢትዮጵያዊት ወይም ሶማሊያዊት ልጇን ብታስገርዝ እስከ 14 ዓመት እስር ይጠብቃታል፤ ተገቢም ነው። ፋሽን የወለደው ጭንቀት ግን ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ፋሽን ልማድ ካልሆነ ምንድን ነው?

ሐኪሞች ራሳቸው አስጠንቅቀዋል። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2007 እ.ኤ.አ. የእነዚህ ቀዶ ሕክምናዎች ደኅንነትም ውጤታማነትም አለመረጋገጡን ገልጾ፣ ኢንፌክሽን፣ ጠባሳና የስሜት መለወጥ ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ተናግሯል። በ2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ብልትን «ያድሳሉ» ተብለው በሚተዋወቁ የሌዘር መሣሪያዎች ላይ ቃጠሎንና ጠባሳን ጠቅሶ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው ብለን እንዳናልፈው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሚሆናቸው ኢትዮጵያውያት 65 በመቶዎቹ የተገረዙ ነበሩ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 565 ድርጊቱን ይከለክላል። ከአያት እጅ ልናስጥል የምንታገለው ምላጭ ጋዋን ለብሶ፣ «ዘመናዊ» ተብሎ በሌላ በር እንዲገባ መፍቀድ የለብንም። እናቶች፣ ብልት እንደ ፊት ከሰው ሰው እንደሚለያይ ለሴት ልጆቻችሁ ከስልካቸው ቀድማችሁ ንገሯቸው። ሐኪሞችም ሳያማት «ቁረጡልኝ» ብላ የመጣችን ሴት ጊዜ ሰጥታችሁ አዳምጧትና ጤነኛ መሆኗን ነግራችሁ ወደ ቤቷ መልሷት።