የተከፈተ በር ፈቃድ አይደለም

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ የፈተና ውጤት በሚታይበት ሰሞን፣ አንድ ተማሪዬ እዚህ አረቅጥ ከቤቴ ድረስ መጣ። የጉመር ደጋ ብርድ የሚጠናበት ጊዜ ነበርና ጋቢውን እንደ ተከናነበ ተቀምጦ በእጅ ስልኩ አንድ ነገር አሳየኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ውጤት በድረ ገጽ አውጥቶ፣ እያንዳንዱ በይለፍ ቃሉ ገብቶ የራሱን ብቻ እንዲያይ አድርጎ ነበር። ልጁም ገብቶ የራሱን ካየ በኋላ የመዝገብ ቁጥሩ በገጹ አድራሻ መጨረሻ ላይ ተጽፎ አገኘው። የመጨረሻዋን አኃዝ በሌላ ቢለውጣት የጓደኛው ውጤት፣ የአባቱ ስምና የስልክ ቁጥሩ ሳይቀር ተገለጠለት።

«መምህር፣ እኔ ምንም አልሰበርሁም፤ በሩ ክፍት ነበር» አለኝ። ነገር ግን ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ይህ ቃል በ2016 ዓ.ም. የሆነውን አሳሰበኝ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓቱን ሲያሻሽል በተፈጠረ ስሕተት ምክንያት፣ ብዙ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ወደ ሌላ ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ መልእክት ከአንዱ ወደ ሌላው በመተላለፉ፣ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በሚገኙት የኤ.ቲ.ኤም. ማሽኖች ፊት ወጣቶች በሌሊት ተሰለፉ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የገንዘብ እንቅስቃሴ ተፈጸመ፤ አለ አግባብ የተወሰደውም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ባንኩ አስታወቀ። የውጭ ጠላት ጥቃት እንዳልነበረም ገለጠ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ፤ ያልመለሱት ግን ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በይፋ ወጣ። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚለው የአባቶች ተረት በአንድ ሳምንት ውስጥ በብዙ ቤት ተፈጸመ።

እንግዲህ በዚህ ነገር ሁለት ጥፋት እንዳለ እናስተውል። አንደኛው በሩን ሳይዘጋ የተወው ሰው ጥፋት ነው። ሁለተኛው በሩ ክፍት ነው ብሎ የገባው ሰው ጥፋት ነው። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ስለ መጀመሪያው ጥቂት ልናገር። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሕሊና የለውም፤ ጠይቅ ያልተባለውን አይጠይቅም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በቅጥሩ በር ያለፈ ምእመን ወደ ቅኔ ማኅሌት ሊገባ ይችላል፤ የሚቈርበው በቅድስት ይቆማል፤ ወደ መቅደስ ግን ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር የሚገባ የለም። የቅጥሩን በር ማለፍ የመቅደሱን መጋረጃ ለመግለጥ አያበቃም። የዚያ ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ግን በውጭው በር «ማን ነህ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ በውስጥ «ይህ መዝገብ ያንተ ነውን?» ብሎ አልጠየቀም። ኦዋስፕ የተባለው የድረ ገጽ ደኅንነት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የዐሥር ዋና ዋና ድክመቶች መዝገብ አንደኛ አድርጎ የቈጠረው ይህንኑ ነው። መድኃኒቱም መዝገብ በተጠየቀ ቍጥር የጠያቂውን መብት ዘወትር መመርመር ነው። ቁጥሩን መሸሸግ ብቻ በርን መዝጋት አይደለም።

ሁለተኛው ድክመት እንዲህ ነው። አንድ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ «ስሙ በዚህ ወረቀት የተጻፈውን ሰው መዝገብ አምጣ» ተብሎ ታዟል እንበል። ተንኰለኛው በስም ቦታ «ከበደ፤ ደግሞም የሁሉንም መዝገብ አምጣ» ብሎ ቢጽፍ፣ ስምን ከትእዛዝ የማይለይ ጸሐፊ መዝገቡን ሁሉ ተሸክሞ ይመጣል። ባለሙያዎች ይህን ኤስ.ኪው.ኤል. ኢንጄክሽን ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በይፋ የታወቀ ሲሆን ዛሬም አልጠፋም። መከላከያው ትእዛዙን አስቀድሞ ለብቻው አዘጋጅቶ፣ እንግዳው የሚጽፈው ሁሉ እንደ ስም ብቻ እንዲቈጠር ማድረግ ነው።

ሦስተኛው የዚሁ ዘመድ ነው። አንድ ሰው ሰዎች አስተያየት በሚጽፉበት ገጽ ላይ ቃል መስሎ ትእዛዝ ይተዋል፤ በኋላ ያንን ገጽ የሚከፍት ሰው ኮምፒዩተር ሳያውቅ ይታዘዝለታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሳሚ ካምካር የተባለ አሜሪካዊ ወጣት በማይስፔስ ላይ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ቢተው፣ አንድ ቀን ሳይሞላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ሰዎች ገጽ ተለከፈ። ስለዚህ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው እንግዳ የጻፈውን ሁሉ እንደ ተራ ጽሑፍ ብቻ እንዲታይ አድርጎ ማውጣት ይገባዋል።

አራተኛው ስንፍና ነው። የታወቀ ቀዳዳ መድፈኛው ተሠርቶ ሳለ ሳይደፈን መቅረቱ ማለት ነው። ኢኲፋክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2017 የወጣውን ማረሚያ በጊዜው ባለመጫኑ በሜይ ወር ሌቦች ገቡበት፤ ወደ 147 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎችም መረጃቸው ተወሰደ። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ይህን ሳያዩ ነበር።

ይህ ሁሉ የባለሙያ ሥራ እንጂ የቤተሰብ ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ ሰንበት ትምህርት ቤቱም፣ ዕድሩም፣ የልማት ማኅበሩም ድረ ገጽ ያሠራል፤ የአባላቱን ስምና ገንዘብም በዚያ ይመዘግባል። ስለዚህ የምታሠሩ ሰዎች ሠሪውን አራት ነገር ጠይቁት። አንዱ አባል የሌላውን መዝገብ እንዳያይ በየት ይመረመራል? ሰው የሚጽፈው ቃል ትእዛዝ እንዳይሆን ምን ተደርጓል? የይለፍ ቃላችን ማንም መልሶ ሊያነበው በማይችል መንገድ ተቀምጧልን? ሥራው ካለቀ በኋላስ ማረሚያውን በየጊዜው የሚጭነው ማን ነው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሠሪ ጎጆ ሠርቶ መወርወሪያ የረሳ አናጢ ነው።

በየቤታችንም ለያንዳንዱ አገልግሎት ልዩ ልዩ የይለፍ ቃል እንያዝ፤ አንዱ ቢሰረቅ ሌላው ይተርፋልና። በስልክ የሚላክልንን የማረጋገጫ ቁጥር፣ ከባንክ ነኝ ለሚል እንኳ ቢሆን፣ ለማንም አንስጥ። ስልካችን ማሻሻያ ሲጠይቅ ዛሬ ነገ አንበል። ለልጆቻችንም የተከፈተ በር ያገኘ ሰው ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ፣ ምንም ሳይቀዳ፣ ለባለቤቱ መናገር እንደሚገባው እናስተምራቸው። ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው፤ ሕጉ በሩ ተቈልፎ ነበርን ብሎ ብቻ አይጠይቅም።

ወደ ልጁ ልመለስ። በማግሥቱ አብረን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። ርእሰ መምህሩ በመጀመሪያ ተቈጥተው «ይህ ልጅ ሰብሮ ገብቷልና ይቀጣ» አሉ። እኔም «ጌታዬ፣ ሊነግረን የመጣውን ከቀጣነው ነገ ሌላው አግኝቶ ዝም ይላል፤ ዝም ያለውም አንድ ቀን ይሸጠዋል» አልኋቸው። ጥቂት ካሰቡ በኋላ ሠሪውን አስጠሩ፤ ጥገናውም ሁለት ቀን አልፈጀም።

ስንመለስ በመንገድ «የስንቱን ልጅ ውጤት አየህ?» ብዬ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፋ።

«ሰባት» አለኝ። «የመጀመሪያውን ሳላውቅ ነው ያየሁት። ስድስቱን ግን እያወቅሁ ነው።»

ድምፁ የተንቀጠቀጠው ለምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ምን ላድርግ ቢለኝ የሚያውቀውን ነገርሁት። በዚያው ሳምንት ወደ ሰባቱም ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ስድስቱ ሳቁበት። አንዲቱ ግን በሒሳብ መውደቋን ለእናቷ እንኳ ገና አልነገረችም ነበርና አለቀሰች። ልጁ ይህን ሲነግረኝ «በሩ ክፍት ነበር» ብሎ አልጨመረም።