ለውዝ በሁርሶ ጓሮ

ሁርሶ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የጦር ማሰልጠኛውን ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ጓሮዋ ነው። ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ በድሮው የባቡር መስመር ላይ ባለችው በዚህች ቆላ ሙቀቱና አሸዋማው አፈር ብዙ አትክልት ያስቸግራሉ። ለለውዝ ግን ሁለቱም ይስማሙታል።

የምሥራቅ ሰው ለውዝ ርቆት አያውቅም። ባቢሌ ላይ አውቶቡስ ሲቆም በመስኮት የሚቀርበው ለውዝ ነው፤ ድሬዳዋም ከከዚራ እስከ መጋላ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል። ታዲያ ደጃፍ ላይ የሚገዛውን ነገር ጓሮ ውስጥ መዝራት ምን ይሉታል የሚለኝ አይጠፋም። የምንገዛው ለውዝ እንዴት እንዳደገና እንዴት እንደደረቀ አናውቅም። በለውዝ ነገር ደግሞ ዋናው እሱ ነው።

በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች በማይታወቅ በሽታ አለቁ። ነገሩ ሲመረመር መኖቸው ውስጥ የተቀላቀለው የለውዝ ፋጉሎ የሻገተ ሆኖ ተገኘ። ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። ለረጅም ጊዜ የበላውን ሰው ለጉበት ካንሰር ይዳርጋል፤ ስንቆላውም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከባቢሌ፣ ከጉርሱምና ከዳሮ ለቡ በተሰበሰቡ አብዛኞቹ የለውዝ ናሙናዎች ውስጥ ይህንኑ መርዝ አግኝቷል። ገበሬውን መውቀስ አልፈልግም፤ እሱ ሰማይ ጠባቂ ነው። ፍሬው ሊሞላ ሲል ዝናቡ ካቋረጠ መሬቱ ይግልና ሻጋታው ገና አፈር ውስጥ ሳለ ፍሬው ላይ ይሰፍራል። በላዩ ላይ ለመፈልፈል እንዲቀል ብሎ ቅርፊቱን በውሃ የሚያርስ ሰው ካጋጠመው ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ጓሮ ያለው ሰው ግን በመስከረም መጨረሻ ሰማዩ ሲጠራ አንድ ጀሪካን ውሃ ማፍሰስ ይችላል። በእኔ ግምት ለልጆቻችን የምንሰጠው ለውዝ የሚለየው በዚያች ጀሪካን ነው።

ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነች መደብ ትበቃለች። በመስመርና በመስመር መሃል 60 ሳንቲ ሜትር፣ በዘርና በዘር መሃል 10 ሳንቲ ሜትር ከተተወ 100 ዘር ትይዛለች። ዘሩ ያልተቆላ፣ ቀዩ ልባሱ ያልተላጠ መሆን አለበት፤ ከቅርፊቱ ማውጣትም ሊዘሩት ሲሉ ነው። ሐምሌ ሲገባ አራት ወይም አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጠለቅ ተደርጎ ይዘራል።

ወር ያህል ቆይቶ ትንንሽ ቢጫ አበባ ያወጣል። አበባው ጠዋት ፈክቶ በዚያው ቀን ይጠወልጋል። ከዚያ የሚሆነውን ጎንበስ ብሎ ያላየ ሰው ለውዝ አይቻለሁ አይበል። ከጠወለገው አበባ ሥር ቀጭን ዘንግ ይወጣና አንገቱን ወደ መሬት ይደፋል። ቀን በቀን እየረዘመ አፈሩን ወግቶ ይገባል፤ ጨለማ ሲያገኝ ጫፉ ይጋደምና ማበጥ ይጀምራል። ለውዙ ያ ነው። ዘንጉ ጠጣር መሬት ካጋጠመው መግባት አቅቶት ይደርቃል፤ ልል አፈር የሚፈለገው ለዚህ ነው። አበባው ከታየ በኋላም መኮትኮት ይቀርና አረሙ በእጅ ይነቀላል። ፍሬው ካልሲየሙን ሥር እስኪያመጣለት አይጠብቅም፣ ራሱ በቅርፊቱ በኩል ከአፈሩ ይስባል። የላይኛው አፈር ደርቆ ከቆየ ቅርፊቱ ባዶውን ይቀራል። ሁርሶ ያሉ አንዲት እናት ይህን ሁሉ ባጭሩ ነበር የነገሩኝ፦ «ልጄ፣ አበባው ረገፈ ብለህ ውሃ እንዳትነፍገው፤ ሥራውን የጀመረው ገና አሁን ነው።»

ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል። ቅጠሉ ቢጫ መምታት ሲጀምር አንዱን ነቅሎ ፍሬውን መስበር ነው፤ የቅርፊቱ ውስጥ ቡናማ ከሆነ ደርሷል። እዚህ ላይ መዘግየት አይገባም፤ ምስጥ ቅርፊቱን ከበሳው ሻጋታው በቀዳዳው ይገባል። ከጎን በዶማ አፈሩን አላልቶ ከነሥሩ ብድግ ማድረግ፣ አፈሩን ማራገፍ፣ ከዚያም ፍሬው ወደ ላይ እንዲሆን ገልብጦ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ መተው ነው። ከተለቀመ በኋላም ከመሬት ከፍ ባለ ነገር ላይ ተሰጥቶ፣ ሲያናውጡት ውስጡ እስኪንኳኳ ድረስ ይደርቃል። የተሰበረው፣ የተበሳው፣ የጠቆረው፣ የተጨማደደው ሳይሰሱ ይጣላል። ቀሪው ከነቅርፊቱ በጆንያ ይቀመጣል፤ ፌስታል ግን እርጥበት ስለሚይዝ አይሆንም።

የመጀመሪያው ቀን ለውዝ የጓሮው ባለቤት ብቻ የሚያገኘው ነገር ነው፤ ሳይደርቅ ከነቅርፊቱ በጨው ውሃ ተቀቅሎ ይበላል። ባቄላ ባቄላ ይላል፣ ለስላሳ ነው። የደረቀው በቀስታ እሳት ተቆልቶ የቡና ቁርስ ይሆናል። እኔ ግን አብልጬ የምወደው የለውዝ ሻይ ነው፤ ተቆልቶ፣ ተፈትጎ፣ ልሞ፣ ከቀረፋና ከስኳር ጋር እየተማሰለ የሚፈላው። በጾም ወተት የናፈቀውን ሰው ያስረሳዋል። ከመፍጨት በፊት ግን መልቀም የግድ ነው፤ አንዴ ከላመ ክፉውን ከደጉ የሚለየው የለም።

ወተት የሚያስረሳ መጠጥ ከለውዝ ብቻ አይገኝም። ስፔኖች ቫሌንሲያ ውስጥ ከእንግጫ ዘመድ ሥር በምትገኝ ትንሽ እንክብል ወተት የመሰለ ቀዝቃዛ መጠጥ ይሠራሉ፤ ኦርቻታ ይባላል። ተክሉ በእኛም ማሳ በአረምነት ይታወቃል። ጣፋጭነቱን አልክድም፤ ጓሮ ገብቶ ከተራባ ግን ነቅሎ መጨረስ ስለማይቻል እንዲዘራ ማንንም አልመክርም። ለውዝ ሲነቀል ያልቃል፤ ሥሩ ናይትሮጅን ለአፈሩ ያተርፋል፣ ቅጠሉን ፍየል ይበላዋል።

ከለውዝ ፍሬ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን፣ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው። በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት በከረጢት የሚታደለው ፕላምፒነትም ዋና ግብዓቱ ለውዝ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ለወተት፣ ለእንቁላልና ለማር ቦታ ሲሰጥ፣ በምሥራቁ ቆላ ለጓሮ ለውዝም እንዲሰጥ እፈልጋለሁ። ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ለአካባቢው የተሻሻሉ ዝርያዎችን አውጥቷል። የግብርና ባለሙያዎች በሰኔ ለሁርሶ ቤተሰቦች ዘሩን ከአደራረቁ ትምህርት ጋር ቢያድሉ ወጪው ትንሽ ነው። ለአንዲት መደብ 50 ግራም ያህል ስለሚበቃ አንድ ኪሎው ሃያ ቤት ያዳርሳል።