ነሐሴ ላይ ያላያችሁትን ቡድን ግንቦት ላይ አትስደቡ

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት መስመር ጽፌ ነበር። «ብርቱካናማዎቹን ልምምድ ላይ አየኋቸው፤ አንድ አዲስ የግራ ተከላካይ አለ፣ ልጁ ደስ ይላል» የሚል። አለቀ። የቀድሞ ተማሪዎቼ ግን ተሰብስባችሁ ሳቃችሁብኝ። አንዱ «ቲቸር፣ ሊጉ እኮ ገና ነው፣ ምን ያንጫጫሃል?» አለ። ሌላው «ለልምምድ ብለህ ከቢዮ አዋሌ ድረስ ወረድክ? አቦ ሥራ ፈትተሃል!» አለኝ። (አንቱታ እንደሆነ ድሬ ላይ የለም፤ እሱን ከለመድኩት ቆይቻለሁ።)

ስቄ ላልፈው ነበር። ግን «ሥራ ፈትተሃል» ያለኝ ልጅ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ሐምሌ ላይ አርሰናል አሜሪካ ወይ እስያ ሄዶ የወዳጅነት ጨዋታ ሲያደርግ በሌሊት ተነስቶ የሚያይ ልጅ ነው። የአርሰናልን ሦስተኛ በረኛ በስሙ ይጠራል። በውስጥ መስመር «የድሬዳዋ ከተማ አንደኛ በረኛ ማነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ይኸው አራት ቀን ሆነ፣ መልስ የለም።

አርሰናልን ተዉ አላልኩም። እኔም የማንቼ ደጋፊ ነኝ፣ ስቃዬን ታውቁታላችሁ። ግን የለንደኑን ቡድን የዝግጅት ጨዋታ ማየት «ኳስ መውደድ»፣ የገዛ ከተማህን ቡድን ዝግጅት ማየት ደግሞ «ሥራ መፍታት» የሚሆነው በየትኛው ሒሳብ ነው? እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ይሄኛው አልወጣልኝም።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ቡድን የሚሠራው ነሐሴ ላይ ነው። ከጥቅምት በኋላ የምናየው የተሠራውን ነው።

የቅድመ ውድድር ዝግጅት የሚባለውን ሩጫ ብቻ የሚመስላችሁ አላችሁ። መጀመሪያ አዎ፣ ሩጫ ነው። ክረምቱን ቤተሰብ ጋር ሆኖ ኪሎ የጨመረው ይታያል። ጉዳቱን ደብቆ የፈረመውም ይታያል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ጉልበቱን ይይዛል። ቀጥሎ ኳስ ይመጣል። አሰልጣኙ ማንን ከማን ጋር እንደሚያጣምር፣ ማን እንደሚጮህ፣ ማን ሲጮሁበት እንደሚከፋው፣ ማን ልምምዱ ካለቀ በኋላ ብቻውን ቅጣት ምት ሲመታ እንደሚቀር፣ ይሄ ሁሉ ይታያል። የወዳጅነት ጨዋታ ውጤቱ አይቆጠርም። እሱ ነው ጥቅሙ። አሰልጣኙ ሳይፈራ ይሞክራል፣ ልጁም ሳይፈራ ይሳሳታል። ሊጉ ከተጀመረ በኋላ ለመሳሳት ጊዜ የሚሰጠው የለም።

እዚህ ቢዮ አዋሌ ማሽላውን ዘርቶ ኅዳር ላይ ለማጨድ ብቻ ማሳው የሚሄድ ገበሬ አይቼ አላውቅም። ሲበቅል ያየዋል፣ ያርመዋል፣ ወፍ ይጠብቃል። ምርቱ ቢበላሽ በምን እንደተበላሸ ያውቃል፤ ዝናቡ ይሁን፣ ተምቹ ይሁን፣ የራሱ ስንፍና ይሁን። እኛ ደጋፊዎች ግን ዓመቱን ሙሉ ዘወር ብለን ሳናይ፣ ቡድኑ ወራጅ ቀጠና ሲደርስ «አሰልጣኙ ይባረር!» እንላለን። አሰልጣኙ ይባረራል። አዲስ ይመጣል። ያው ቡድን ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

አሁን ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪምየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ የሚካሄድ ሆኗል። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ ነበር። ዲኤስቲቪም ያኔ ነው የገባው። ለቴሌቪዥን ጥሩ ነው፣ አልከራከርም። ግን ተራው ወደ ድሬ ካልመጣ የድሬ ልጅ የድሬን ቡድን የሚያየው በስክሪን ነው። ያውም ካፌው የእንግሊዝን ጨዋታ ካልከፈተ። ስለዚህ ዝግጅቱ እዚሁ በሚሆንበት ዓመት ቡድኑ በርግጠኝነት ቤቱ የሚገኘው ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። ቤቱ እያለ ካልጠየቅነው መቼ ልንጠይቀው ነው?

ሰፈራችን ሻይ ቤት የሚቀመጡ አንድ አባት አሉ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ። የፋብሪካው ቡድን ኮተን በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ የበላ ቡድን ነው። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው የብሔራዊ ቡድናችን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የኮተን ተጫዋች ነበር። እኚህ አባት ስለ ዋንጫው ሲያወሩ ብዙም አይሞቃቸውም። የሚሞቃቸው ስለ ልምምዱ ሲያወሩ ነው። ከሥራ ሲወጡ ሜዳ ጥግ ቆመው እንዴት እንደሚያዩ፣ ማን ለማን ኳስ እንደሚነፍግ፣ ማታ ተጫዋቹን ከዚራ ላይ ሲያገኙት «ዛሬ ምን ሆነህ ነው?» ብለው እንደሚጠይቁት። ተጫዋቹም መልስ ይሰጣቸዋል። ልብ በሉ፣ መልስ ይሰጣቸዋል!

ይህች ከተማ ለኳስ እንግዳ አይደለችም። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ሲዘጋጅ አንዱ ምድብ የተካሄደው እዚህ ድሬዳዋ ነው። ናይጄሪያ፣ ዛየር፣ ሱዳን፣ ሞሮኮ እዚህ ተጫውተዋል። ሞሮኮ ከዚህ ተነስታ ነው ዋንጫውን የወሰደችው። ድሬዳዋ ከተማም በ2008 ወደ ፕሪምየር ሊጉ ሲመለስ ከተማው እንዴት እንደሆነ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ፍቅሩ አለ። የጠፋው ፍቅሩን የምናሳይበት ቦታ ነው።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ።

በአንድ ነሐሴ ሰባት ተማሪዎቼን ይዤ አንድ ክለብ ዝግጅት የሚሠራበት ሜዳ ሄድኩ። የክለቡን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ክለብ ብቻ ስላልሆነ። ትራንስፖርቱን ከኪሴ ከፈልኩ፣ መኪና ቀይረን ደረስን። ልጆቹ ከነሱ ውስጥ አምስቱ ትልቅ ተጫዋች በአካል አይተው አያውቁም። በሩ ላይ ጥበቃው «ዝግ ልምምድ ነው፣ ተመለሱ» አለን። መምህር ነኝ አልኩ፣ መታወቂያ አሳየሁ፣ ለመንኩ። አልሆነም። ልጆቹ በኦሮምኛ እርስ በርስ ተነጋገሩና አንዱ ወደኔ ዞሮ «ቲቸር፣ እኛን ነው እንዴ የሚፈሩት?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ክፍል ውስጥ ለሚጠየቀው ሁሉ መልስ አላጣም፣ ለዚያ ግን አጣሁ። በመጨረሻ ከአጥሩ ውጪ ያለ ዛፍ ላይ ወጥተው አዩ። እኔ ታች ቆሜ «ምን እየሠሩ ነው?» እያልኩ እጠይቃቸው ነበር። ቤታቸው እስክንገባ ድረስ ያዩትን ሲያወሩ፣ ሲኮርጁ፣ ሲከራከሩ ነበር። ከአጥር ውጪ፣ ከሩቅ ያዩትን!

«ታክቲክ እንዳይሰለል ነው» የምትሉ አላችሁ። ይሁን። ከጨዋታ በፊት ባለው ቀን ዝጉ፣ ማንም አይቃወምም። ግን ነሐሴ ላይ ሜዳ ዙሪያ የሚሮጥን ሰው ማን ይሰልላል? «ደጋፊው ይሳደባል፣ ተጫዋቹን ይረብሻል» የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። ይሄኛው እውነት አለው። እንሳደባለን። ግን የምንሳደበው ለምን ይመስላችኋል? ስለማናውቃቸው ነው። ጠዋት ሲያስመልሰው ያየኸውን ልጅ ማታ እናቱን ጠርተህ አትሰድበውም።

ሌላም ልጨምር። አሥረኛ ክፍል ያስተማርኩት አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አልጽፍም፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሜዳችንን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ባንድ በኩል ድንጋይ፣ በሌላ በኩል የሰው ማሽላ። ያ ልጅ በኮንጎ ጫማ እዚያ ድንጋይ ላይ አራት ሰው አልፎ ያገባ ነበር። አንድ ክለብ ለወጣት ቡድኑ ልጆች እንደሞከረ የሰማነው ሙከራው ካለቀ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ማስታወቂያው ከተማ ውስጥ አንድ በር ላይ ተለጥፎ ነበር አሉ። ከቢዮ አዋሌ ሆኖ ያንን በር ማን ያነበዋል?

ዛሬ ሳቢያን ላይ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጅ መንዳት ነውር አይደለም፣ ቤተሰብ ያስተዳድርበታል። ግን ባለፈው ቅዳሜ ወደ ልምምዱ ያደረሰኝ እሱ ነበር። «የት ነህ ቲቸር?» አለኝ። ነገርኩት። ዝም አለ። ስወርድ ሒሳብ አልቀበልም አለ። «አንተ ግባ፣ እኔን ቆመህ እይልኝ» አለኝና ሄደ። እኔ ሁለት መስመር የጻፍኩት ያን ቀን ማታ ነው። እናንተ የሳቃችሁትም በዚያ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ፤ እኛ አገር ብዙ ሰው አያውቀውም። የነሱ ዝግጅት የካቲትና መጋቢት አካባቢ ነው። ከሠላሳዎቹ የዋናው ሊግ ቡድኖች አሥራ አምስቱ ፍሎሪዳ፣ አሥራ አምስቱ አሪዞና ይወርዳሉ፣ አገሩ ሞቃት ስለሆነ። ደጋፊው ፈቃድ ወስዶ ተከትሏቸው ይሄዳል። ውጤቱ የማይቆጠር ጨዋታ ለማየት ብሎ! አጥር ተደግፎ ያያል፣ ሕፃናት ኳስ ይዘው ተጫዋቹን ያስፈርማሉ። ከሁሉ ያስቀናኝ ግን ይሄ ነው፤ በዋናው ቡድን ዝርዝር ውስጥ ያልተመዘገቡ ልጆች ተጠርተው ከትልልቆቹ ጋር አብረው ይሞከራሉ። አብዛኞቹ ይመለሳሉ፣ አንዳንዱ ይቀራል። የተመለሰውም ቢሆን «ታይቼ ነው የተመለስኩት» ይላል። የኔ ተማሪ «ታይቼ ነበር» ማለት አይችልም።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» እንዳትሉኝ። በር መክፈት ስንት ብር ነው?

ብር ካነሳን ደግሞ እናንሳ። አብዛኞቹ የሊጉ ክለቦች የሚኖሩት በከተማ አስተዳደርና በክልል በጀት ነው። ማለት በግብር። በ2011 ዓ.ም. የተጫዋች ደመወዝ ከልክ ስላለፈ የወር ጣሪያው 50 ሺህ ብር ይሁን ተብሎ ተወሰነ። ጣሪያው ማለት ነው! ያኔ የኔ የዓመት ደመወዝ እዚያ አይደርስም ነበር። ተጫዋቹ አይከፈለው አልልም፤ ዕድሜው አጭር ነው፣ እግሩ ከተሰበረ አለቀለት። የምለው፣ ከሕዝብ ኪስ የሚሠራ ቡድን ሲሠራ ሕዝብ ማየት አለበት። መንገድ ሲሠራ እናያለን፣ ትምህርት ቤት ሲሠራ እናያለን። በየክረምቱ ግማሽ ቡድን ተበትኖ በአንድ ዓመት ኮንትራት ግማሽ ቡድን ሲገዛ፣ እዚህ ያደገ ልጅ ስንት ቀን ተሞከረ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ይሄንን ነው። ከባድ ነገር የለበትም።

1. በዝግጅት ወቅት በሳምንት አንድ ቀን ልምምዱ ለሕዝብ ክፍት ይሁን። ቀኑ አስቀድሞ ይነገር፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም።

2. ቢያንስ አንድ የወዳጅነት ጨዋታ ከከተማ ወጣ ብሎ ይደረግ። ቢዮ አዋሌ ይሁን፣ ጀልዴሳ ይሁን፣ ዋሂል ይሁን። ሜዳው ድንጋይ ነው ካላችሁ ድንጋዩን እኛ እንለቅማለን፣ ቃሌ ነው።

3. በየዓመቱ ጥቂት የአካባቢው ልጆች ከዋናው ቡድን ጋር ዝግጅቱን አብረው ይሥሩ። አይፈረምላቸው፣ ግድ የለም። ይታዩ ብቻ። የሙከራው ቀን ደግሞ ለየትምህርት ቤቱ ይላክ። እኔ ሰልፍ ላይ አነበዋለሁ።

4. ይሄኛው ለኛ ለደጋፊዎች ነው። በሩ ከተከፈተ እንሂድ። አፋችንን ሰብስበን እንሂድ። በሩ ተከፍቶ ባዶ ከሆነ፣ የዘጉት ልክ ነበሩ ማለት ነው።

አራተኛውን አስምሩበት። ክለብን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ካለፈው ቅዳሜ ልምምድ ላይ ከኔ ጋር ሜዳ ጥግ የቆሙትን ቆጥሬያቸዋለሁ። አሥራ አንድ ነበርን። ሁለቱ ቆሎ ሻጮች ናቸው።

ለሳቀብኝ ተማሪዬ፤ አልተቀየምኩህም። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ስታዲየሙ በር ላይ እገኛለሁ። ና። ሻዩ በኔ ነው። የበረኛውን ስም ከራሱ ከበረኛው እንጠይቀዋለን። ባጃጅ የሚነዳውንም ልጅ ለምኜዋለሁ፣ አንድ ሰዓት ሥራ ትቶ አብሮን ይገባል። ከሱ አጠገብ ቆመህ «ለልምምድ ነው እንዴ?» ካልክ፣ ያኔ እኔም አብሬህ እስቃለሁ።

ሰላም ዋሉ። ከቢዮ አዋሌ።