ከቄራ አጥንት እስከ ቀዶ ሕክምና ክፍል፦ የሕዝብ ገንዘብ መግዛት ያለበት ዱቄቱን ሳይሆን መተማመኛውን ነው

ሴራሚክ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው የወለል ንጣፍን ወይም ስኒን ነው። በሕክምናው ዓለም ግን ሴራሚክ በአደጋ ወይም በዕጢ የጎደለ አጥንትን የሚሞላ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚተከልበትን መንጋጋ የሚያጠናክር፣ የብረት መገጣጠሚያዎችን የሚለብጥ ቁስ ነው። ከእነዚህ ቁሶች በስፋት የሚታወቀው ሃይድሮክሲአፓታይት የተባለው የካልሲየምና የፎስፌት ውሕድ ሲሆን፣ የሰውም ሆነ የከብት አጥንት ማዕድን ከእርሱ ጋር እጅግ ይቀራረባል። ከዚህ የተነሣ ከከብት አጥንት፣ ከእንቁላል ቅርፊትና ከሩዝ ገለፈት የሕክምና ሴራሚክ መሥራት እንደሚቻል የሚያሳዩ የምርምር ጽሑፎች በዝተዋል። በከብት ሀብቷ ከአፍሪካ ቀዳሚ ለሆነችው ኢትዮጵያም ጉዳዩ ትልቅ ተስፋ ተደርጎ ይቀርባል።

ተስፋው መሠረት አለው። ነገር ግን ለፖሊሲ አውጪዎች የሚቀርብበት መንገድ ሊታረም ይገባዋል። የእርሻ ተረፈ ምርትን ወደ ሕክምና ቁስ የመለወጥ ሥራ የቆሻሻ ማስወገጃ ዕቅድ አይደለም፤ የገበሬ ገቢ ማሳደጊያ ተአምርም አይደለም። በሰው አካል ውስጥ የሚቀመጥ የሕክምና መሣሪያ ማምረት ነው። ሕግ አውጪዎችና የገንዘብ ለጋሾች ጉዳዩን በዚህ ሚዛን እስካልመዘኑት ድረስ ምርምሩ ከቤተ ሙከራ መደርደሪያ አይወጣም።

ሳይንሱ አዲስ አይደለም

የከብት አጥንት ተጠርጎና ስቡ ወጥቶ ከ700 እስከ 1000 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ሲቃጠል ሥጋዊው ክፍል ጠፍቶ ማዕድኑ ብቻ ይቀራል። ከከብት አጥንት የሚሠሩ የአጥንት መሙያዎች በአውሮፓና በአሜሪካ የጥርስ ሕክምና ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሲያገለግሉ ቆይተዋል። የእንቁላል ቅርፊት ወደ 95 በመቶ የሚጠጋው ካልሲየም ካርቦኔት በመሆኑ፣ ተቃጥሎ ኖራ ከሆነ በኋላ ከፎስፎሪክ አሲድ ጋር ተዋሕዶ ያንኑ ማዕድን ይሰጣል። የሩዝ ገለፈት ሲቃጠል ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ አመድ ሆኖ ይቀራል፤ የአመዱም አብዛኛው ክፍል ሲሊካ ነው። ሲሊካ ደግሞ ላሪ ሄንች እ.ኤ.አ. በ1969 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ለሠሩትና ከአጥንት ጋር ለሚጣበቀው መስታወት ዋና ግብዓት ነው።

እንግዲህ «ይቻላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከተመለሰ ቆይቷል። መልስ የሚሻው ጥያቄ «ከየትኛው ከብት፣ በየትኛው ምድጃ፣ በማን ተመርምሮ?» የሚለው ነው።

ስሌቱ በግልጽ ይቀመጥ

አንድ ቶን ያልተፈለፈለ ሩዝ ወደ 200 ኪሎ ግራም ገለፈት ይወጣዋል፤ ከዚህም 40 ኪሎ ግራም ያህል አመድ ይገኛል። በአንጻሩ ለአንድ የጥርስ ሕክምና የሚያስፈልገው የአጥንት መሙያ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ግራም አይበልጥም። የአንድ ቀን የቄራ አጥንት እጅግ ብዙ ሕሙማንን ሊያዳርስ ይችላል። ስለዚህ ይህ ኢንዱስትሪ በፎገራ ሩዝ መፈልፈያዎች ዙሪያ የሚከመረውን ገለፈትም ሆነ በየከተማው ዳር የሚጣለውን አጥንት ጠርጎ አይጨርስም። ለብዛቱ ሌላ መላ አለ፤ ከሰል የተደረገ አጥንት በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድን ከመጠጥ ውኃ ለማጣራት መዋሉ አንዱ ምሳሌ ነው።

የጥሬ ዕቃው ርካሽነትም ብቻውን ብዙ አይፈይድም። ከእንቁላል ቅርፊት የሚሠራው ማዕድን ፎስፈረሱን ከሌላ ምንጭ ማግኘት አለበት፤ አሲዱ ከውጭ የሚገባ ከሆነ የውጭ ምንዛሪ ጥገኝነቱ መልኩን ቀየረ እንጂ አልቀረም። የመጨረሻውን ዋጋ የሚወስኑት ማጥራቱ፣ ማምከኑ፣ የደኅንነት ፍተሻውና የምዝገባ ሰነዱ ናቸው።

ውዱ ነገር መተማመኛው ነው

የአጥንት ምንጭ ለምን መታወቅ እንዳለበት ከኢትዮጵያ ምድር የተሻለ አስረጂ የለም። ፍሎራይድ በአጥንት ውስጥ ይከማቻል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በብዙ ቦታ ከፍተኛ ፍሎራይድ አለው። በዚያ አካባቢ ያደገ በሬ አጥንትና ከደጋ የመጣ በሬ አጥንት በአንድ ምድጃ ቢቃጠሉም አንድ ዓይነት ቁስ ላይሆኑ ይችላሉ። እርሳስና ሌሎች ከባድ ብረቶችም እንዲሁ በአጥንት ይጠራቀማሉ፤ እሳትም አያጠፋቸውም። ቄራ ላይ ተደባልቆ የተሰበሰበ አጥንት እንግዲህ ታሪክ የሌለው ጥሬ ዕቃ ነው።

የሙቀት ቁጥጥርም የዝርዝር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሩዝ ገለፈት ከመጠን በላይ ሲሞቅ ሲሊካው ክሪስቶባላይት ወደተባለ ክሪስታላዊ መልክ ይለወጣል፤ የዚህም ብናኝ በተደጋጋሚ ሲተነፈስ ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን የሳንባ ሕመም ያስከትላል። ምድጃው ዘንድ የሚቆመው ሠራተኛ በዕቅዱ ውስጥ ስሙ ካልተነሣ፣ ለሕሙማን ታስቦ የተጀመረው ሥራ ሌላ ሕመምተኛ ያፈራል።

የበለጸጉት አገሮች ሕግ ይህን ስጋት ያውቃል። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1996 የእብድ ላም በሽታ ከሰው ሕመም ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ካሳወቀ ወዲህ የእንስሳ ቲሹ በጥብቅ ዓይን ይታያል። የአውሮፓ ኅብረት የሕክምና መሣሪያዎች ደንብ፣ ቁጥር 2017/745፣ ከእንስሳ ቲሹ የተሠሩ ተተካዮችን ከፍተኛ ስጋት ባለበት ሦስተኛ ክፍል ያስቀምጣል። ዓለም አቀፉ ደረጃ አይ.ኤስ.ኦ. 22442 ደግሞ የእንስሳቱን ምንጭ፣ አሰባሰቡንና የቫይረስ ማስወገጃ ሂደቱን በሰነድ ማስደገፍን ይጠይቃል። ማስረጃው ከቄራው በር ካልጀመረ በኋላ በቤተ ሙከራ ሊፈጠር አይችልም።

«ጥብቅ ደረጃ ጀማሪውን ይገድላል» ለሚሉ

ይህ ክርክር በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። አንድ ወጣት ድርጅት የደኅንነት ፍተሻውን ወጪ ብቻውን እንዲሸከም ከተተወ ሥራው ገና ሳይጀመር ያበቃል። መፍትሔው ግን ደረጃውን ዝቅ ማድረግ አይደለም፤ ሸክሙን የጋራ ማድረግ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በጥድፊያ ገበያ የገባ አንድ ጎጂ ምርት የአንድን ድርጅት ስም ብቻ ሳይሆን «በአገር ውስጥ የተሠራ» የሚለውን ቃል ሁሉ ያጎድፋል። በሰው መንጋጋ ውስጥ የተቀመጠን ቁስ ደግሞ ከመደርደሪያ እንደ መሰብሰብ ቀላል አይደለም።

የሕሙማን መብትም እዚህ ላይ ይነሣል። በገበያ ላይ ከከብት አጥንት ብቻ ሳይሆን ከአሳማ አጥንት የሚሠሩ መሙያዎችም አሉ። በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርት ወይም በቴል አቪቭ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ለሚቀመጥ አማርኛ ተናጋሪ፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን ወይም ቤተ እስራኤል፣ የቁሱ ምንጭ የእምነት ጥያቄ ሊሆን ይችላል። በማያነበው ቋንቋ በተጻፈ ቅጽ ላይ መፈረም ደግሞ አውቆ መፍቀድ ሊባል አይችልም። የምንጭ መዝገብ ስለዚህ የአምራቹ ግዴታ ብቻ ሳይሆን የታካሚውም መብት ነው።

ምክረ ሐሳቦች

አንደኛ፣ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከግብርና ዘርፍ ተቆጣጣሪዎች ጋር በመሆን ለሕክምና የሚውል አጥንት የሚሰበሰብባቸውን ጥቂት ቄራዎች ለይቶ ይመዝግብ። የእንስሳው መነሻ አካባቢ፣ ዕድሜና የጤና ምርመራ ከአጥንቱ ጋር አብሮ ይጓዝ።

ሁለተኛ፣ በየዩኒቨርሲቲው የተበታተኑ አነስተኛ ምድጃዎችን ከማብዛት ይልቅ አንድ የጋራ የሙከራ ማምረቻና የፍተሻ ማዕከል ይቋቋም። ማዕከሉ በአይ.ኤስ.ኦ. 13485 የጥራት ሥርዓት ይመራ፤ ለተመራማሪውም ለጀማሪ ድርጅቱም በተመጣጣኝ ክፍያ ያገልግል። የሠራተኞች የብናኝ መከላከያም በፈቃዱ ውስጥ አስገዳጅ ይሁን።

ሦስተኛ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የምርምር ትብብር በጀት የሚያዘጋጁ የምክር ቤት ባልደረቦች ከእያንዳንዱ የባዮሜዲካል ቁስ ድጋፍ ላይ ለደኅንነት ፍተሻና ለምዝገባ ሰነድ የሚውል ድርሻ በግልጽ እንዲመደብ ያድርጉ። በሕትመት የሚያበቃ ድጋፍ ለታካሚው አይደርስም።

አራተኛ፣ የዲያስፖራ ማኅበራት በሚኖሩባቸው አገሮች የአጥንት መሙያዎች የእንስሳ ምንጭ ከሕክምናው በፊት፣ ታካሚው በሚረዳው ቋንቋ እንዲገለጽ ይጠይቁ።

አምስተኛ፣ በኢትዮጵያ የመንግሥት የሕክምና ግዥ ደረጃውን ላሟላ የአገር ውስጥ ምርት የብዙ ዓመት የግዥ ውል ለመስጠት ከወዲሁ ቃል ይግባ። ገዢ እንዳለው የሚያውቅ አምራች በፍተሻ ላይ ገንዘብ ለማውጣት አይሰስትም።

አጥንቱ በየቄራው አለ፤ ዕውቀቱም በየዩኒቨርሲቲው አለ። የጎደለው በሁለቱ መካከል ያለው የመዝገብ፣ የምድጃና የፍተሻ ሰንሰለት ነው። ይህን ሰንሰለት ነጋዴ ብቻውን አይዘረጋውም፤ ተመራማሪም በአንድ ድጋፍ አይጨርሰውም። የሕግና የበጀት ሥራ ነውና የመጀመሪያው መስመር በሚቀጥለው የበጀት ረቂቅ ላይ ሊጻፍ ይገባል።